ለሙላት ያልነገርኩት የጎማ ነገር

ላሊበላ ውስጥ ጎማ እየጠገንኩና እየሸጥኩ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሰው የሚያውቀኝ በዚህ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሾፌር ነበርኩ፤ ያውም ከኔ የተሻለ የለም ብዬ የማምን ሾፌር። መሪዬን ትቼ መዶሻ የጨበጥኩበትን ምክንያት የሚጠይቀኝ ሲመጣ «መንገዱ ሰለቸኝ» እያልኩ አልፋለሁ። እውነቱ እሱ አይደለም። እውነቱ የሆነው በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ ሳላሳጥር ላጫውታችሁ።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወርደው መንገድ ገና አስፋልት አላየም ነበር። በበጋ አቧራ ነው፤ በክረምት ደግሞ ቦታ ቦታው ላይ ዋልካ የምንለው ጥቁር ጭቃ እየተኛበት እግርም ጎማም ይውጣል። ሰኔ ሲጋመስ ብዙ መኪና መንገዱን ይተወዋል። የሚቀረው ደፋሩ ነው፤ የክረምቱ ሥራ ሁሉ ለእሱ ይሆናል።

እኔ የምነዳው እትዬ ደስታ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት መኪና ነበር፤ መካከለኛ የጭነት መኪና። ጓደኛዬ ሙላት ደግሞ የራሱ ተመሳሳይ መኪና ነበረው። ሁለታችንም ከፍላቂት ገበያ ገብስና ድንች እየጫንን፣ ጭነቱ ላይ ገበያተኛ እያሳፈርን ላሊበላ እናራግፋለን። ከልጅነታችን አንድ ሰፈር ያደግን፣ አንድ ሳህን የበላን ነን። ግን መሪ ስንይዝ ሌላ ሰው እንሆናለን። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሙላት ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይገባ ነበር። እኔ ጭቃ ውስጥ ስማቅቅ እሱ አራግፎ፣ መኪናውን አጥቦ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «ይርጋ፣ በእግርህ ነው እንዴ የመጣኸው?» ሲለኝ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ውስጤ ግን ይቃጠላል።

በዚያ ዓመት የሁለታችንም ጎማ አለቀ። ክረምቱ ሳይገባ ለመግዛት አብረን ወልድያ ወረድን። ሙላት በቀጥታ ወደ ጎማ ሱቅ ሄደ። እኔ የተነፈሰች አንዲት ጎማ ስለነበረችኝ መናኸሪያው አጠገብ ወደሚሠሩ ጋሽ ሙሔ የሚባሉ የዕድሜ ባለጸጋ ጎሚስታ ዘንድ ጎራ አልኩ።

ጋሽ ሙሔ ጎማዬን እየፈቱ «አዲስ ልትገዛ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሽ ሙሔ።»

«ለየትኛው መንገድ?»

«ለላሊበላ።»

«በክረምት?»

«በክረምት።»

መዶሻቸውን መሬት አስቀመጡና ጥግ ላይ ከተከመሩት አሮጌ ጎማዎች ሁለቱን እያንከባለሉ አመጡ። «ና እዚህ ቁጭ በል» አሉኝ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ይሄንን ታየዋለህ? መስመሩ በርዝመቱ ነው የሚሄደው። አስፋልት ላይ ከዚህ የተሻለ የለም። አይጮህ፣ ቶሎ አያልቅ። ግን ዋልካ ሲገባበት መስመሩ ጥርቅም ብሎ ይደፈናል። ያን ጊዜ ጎማ አይደለም፤ የተላጨ ራስ ነው። ወላሂ፣ ፍሬን ብትይዝም አይሰማህም።» ወደ ሁለተኛው ዞሩ። «ይሄኛውን እየው። ጥርሱ ትልልቅ ነው፤ መሃል መሃሉ ክፍት ነው። ጭቃው ቢገባበትም ሲዞር መልሶ ይተፋዋል። ጥርሱ ደግሞ ላዩ ላይ አላበቃም፣ እስከ ትከሻው ወርዷል። ከቦይ ሲወጣ የሚቧጥጠው በዚህ ነው። አስፋልት ላይ ይጮህብሃል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ለአንተ መንገድ ግን ይሄ ነው።»

እጄን ይዘው አውራ ጣቴን ጎማው ላይ አስጫኑኝ። «አዲስ ነው ስላሉህ ብቻ እንዳትወስድ። መጋዘን ውስጥ ዓመታት ቆሞ የደረቀ አለ። ጥፍርህን ተክልበት፤ ትንሽ ካልገባ እንጨት ሆኗል፣ የላስታን ብርድ አይችልም። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ተቀርጾ ታገኛለህ። ፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ ኋለኞቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱ ነው፣ በፈረንጅ። እሱን ሳታይ እንዳትገዛ። ዋልካ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ነፋሱን ቀነስ አድርግለት፤ ጎማው ተዘርግቶ መሬቱን ይይዛል። ጠጠሩ ላይ ስትወጣ መልሰህ ትሞላዋለህ። አብሽር፣ ይሄን ከያዝህ ክረምቱ ምንም አያደርግህ።»

አመስግኜ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሙላት ከሻጩ ጋር ቆሞ የሚያብረቀርቁ አዳዲስ ጎማዎች እየዳበሰ ነበር። መስመራቸው በርዝመቱ ነው የሚሄደው።

«ይርጋ!» አለኝ ፊቱ በርቶ። «እንዴት ናቸው? ሻጩ አምስት ዓመት አትመለስም እያለኝ ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሙላት የጠየቀኝ ከልቡ ነው። መልሱን ደግሞ ከአሥር ደቂቃ በፊት ተምሬው ነበር የመጣሁት። አፌን ከፍቼ «ተው፣ ና ጋሽ ሙሔ ዘንድ ልውሰድህ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነገር ግን ያ የሻይ ቤቱ በረንዳና የሰዉ ሳቅ መጣብኝ። በዚህ ጎማ ሙላት ሐምሌን አይዘልቅም፣ አንድ ሁለቴ ጭቃ ሲይዘው መኪናውን እስከ መስከረም ያቆማል፣ መንገዱም የኔ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ገደል የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም፤ እመኑኝ።

«አሪፍ ነው» አልኩት። «ግዛው።»

ገዝቶ፣ አስገጥሞ ከቀትር በፊት ወጣ። እኔ «እትዬ ደስታ ያዘዙኝ ጉዳይ አለ» ብዬ ቀረሁና ከሌላ ሱቅ ቁጥሩን አይቼ፣ ጥፍሬን ተክዬ፣ ጥርሳሙን ጎማ ገዛሁ። ሙላት በኋላ ላሊበላ ላይ ሲያየው በሳቅ ሞተ። «የትራክተር ጎማ ገጠምክ እንዴ? ጩኸትህ ከጋሸና ይሰማል!» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ሐምሌ ገባ። እንዳሰብኩትም ሙላት ይዳክር ጀመር፤ እኔ ቀድሜው መግባት ጀመርኩ። አንድ ሁለት ጊዜ «ጎማህ ግን ሳይሻል አይቀርም» ሲለኝ «ኧረ የመኪናዬ ጉልበት ነው» እያልኩ አሳለፍኩት። መኪናውን ግን እንዳሰብኩት አላቆመም። ልጆች አሉት፤ እንዴት ያቁም?

ያ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ የዘነበበት ነው። ፍላቂት ገበያ ላይ ሁለታችንም ገብስ ጫንን። ሙላት ጭነቱ ላይ አሥራ አንድ ሰው አሳፈረ፤ እኔ ሰው አላሳፈርኩም። እሱ ቀድሞ ወጣ፤ እኔ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተከተልኩ። ጋሸና ስደርስ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ወደ ላሊበላ ታጥፌ ቁልቁለቱን ስጀምር ዝናቡ እንደገና መጣ። የሙላትን ጎማ ዱካ ጭቃው ላይ እያየሁ ነበር የምወርደው። ዱካው እንደ ሰካራም አረማመድ ወዲያና ወዲህ ይላል።

አንድ ጥምዝ ላይ ስደርስ ዱካው ከመንገዱ ወጣ።

ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ጉሙ ገለጥ ሲል አየሁት። የሙላት መኪና ኋላው ተንሸራቶ መንገዱን አግድም ዘግቶታል። አፍንጫው ወደ ተራራው ነው፤ የኋላ ግራ ጎማው ግን ከገደሉ አፋፍ አልፎ አየር ላይ ነው። ገበያተኞቹ ጭነቱ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። አንድም ሰው አልጮኸም።

ወርጄ ሮጥኩ። ሙላት በጋቢናው መስኮት አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አትቅረብ!» አለኝ። «የእጅ ፍሬኑ አይይዝም። በእግሬ ነው የያዝኩት። እግሬን ካነሳሁ ትሄዳለች።»

«እንዲህ ከያዝካት ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«አላውቅም። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ይርጋ።»

ጭነቱ ላይ ካሉት መሃል መምሬ አስረስ የሚባሉ የገነተ ማርያም ቄስ ነበሩ፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። መስቀላቸውን በአንድ እጃቸው፣ የጆንያውን ገመድ በሌላው እጃቸው ይዘዋል። ነገሩ የገባቸው እሳቸው ናቸው። በተራራው በኩል ያሉት ሰዎች ቢዘሉ ክብደቱ ሁሉ ወደ ገደሉ ይሆናል።

«ልጆቼ፣ ማንም እንዳይነሳ» ይላሉ በለሆሳስ። «የተቀመጣችሁበት ቆዩ። ሰው መጥቶልናል።»

ሰው መጥቶልናል ሲሉ እኔን ማለታቸው ነው።

መኪናዬ ውስጥ የብረት ገመድ ነበረኝ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መዞር አይቻልም፤ ያለኝ አማራጭ ከፊት መንጠቆዬ አስሬ፣ በኋላ ማርሽ ወደ ላይ ወደ ዳገቱ መጎተት ነው። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዳገት፣ ጭነት ጭኜ። ጎማዬ አንዴ ቢከዳኝ የሙላት መኪና እኔንም ይዞኝ ይሄዳል።

ጭቃው ላይ በደረቴ ተስቤ ከሙላት መኪና ሥር ገባሁ። ከራሴ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ መሬት የለም፤ ጉም ብቻ ነው። እጄ በብርዱ ደንዝዞ ገመዱን መኪናውን በተሸከመው ብረት፣ በሻንሲው ለማዞር ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ተቆለፈ። ወጥቼ ወደ መኪናዬ ስመለስ የጋሽ ሙሔ ነገር ትዝ አለኝ። ከጎማዎቼ ሁሉ ነፋስ ቀነስኩ። ፍስስስ ሲል ሙላት ሰማ።

«ምን እያደረግህ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ዝም ብለህ ፍሬንህን ያዝ!»

ጋቢና ገብቼ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ገመዱ ተወጠረ፣ ከላዩ ላይ ውሃው ረገፈ። እዚያው ላይ ፍሬን ረግጬ ያዝኩ።

በመስኮት ራሴን አውጥቼ «መምሬ!» አልኩ። «ገመዱ ይዟታል። አሁን ሰዎቹን ያውርዱልኝ። በገደሉ በኩል ያሉት ይቅደሙ፣ በተራራው በኩል ይውረዱ። አንድ አንድ እያሉ!»

«እሺ ልጄ።»

መምሬ አስረስ በየስማቸው ጠሯቸው። መጀመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ቀጥሎ ባሏ፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ። እያንዳንዱ ሲወርድ መኪናው ሲጥ ይላል፤ ገመዱ ይንጣጣል፤ የእኔ መኪና ትንሽ ትንሽ ወደፊት ትሳባለች። ጥርሴን ነክሼ ፍሬኑ ላይ ቆሜአለሁ። አሥረኛው ሲወርድ መምሬ ብቻቸውን ቀሩ።

«እርስዎም ይውረዱ እንጂ፣ መምሬ!»

«እወርዳለሁ፣ አትቸኩል» አሉና ካባቸውን ሰብስበው፣ ጋቢናውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ሙላት፣ ልጄ፣ በርታ» ብለውት ወረዱ።

የቀረው ሙላት ነው። እሱ ፍሬኑን ሳይለቅ መውረድ አይችልም። ስለዚህ መኪናዋን ከነእሱ ማውጣት ግድ ሆነ።

«ሙላት! ሦስት ስል ፍሬኑን ልቀቅ! አትጠራጠር!»

 ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ሦስት አልኩ። ለቀቀ። ክብደቱ ሁሉ እኔ ላይ ወረደ። ጎማዬ አንዴ በባዶው ተሽከረከረ፤ መኪናዬ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ገደሉ ተንሸራተተች። በሕይወቴ ሙሉ የዚያን አንድ እርምጃ ያህል ረጅም ነገር አላየሁም። ከዚያ ጭቃው ከጎማው ጥርስ መሃል እየተፈናጠረ መስታወቴ ላይ ሲለጠፍ አየሁ፤ ጎማው ሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ነከሰ። ያዘ። ቀስ በቀስ፣ እያቃሰተች፣ መኪናዬ ወደ ላይ ወጣች። የሙላት የኋላ ጎማ አፋፉን ቧጥጦ መንገዱ ላይ አረፈ።

ያን ጊዜ ነው ሰዉ የጮኸው፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሙላት በሩን ከፍቶ ወረደና ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ከመንገዱ በላይ የአንድ ገበሬ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ መጥቶ ሁላችንንም አስገባን፤ እሳት ተቀጣጠለ፣ የገብስ ቆሎ ቀረበ። ሰዉ እየተነሳ ጉልበቴን ሊስም ይመጣል። ነፍሰ ጡሯ «የምወልደው ወንድ ከሆነ ስምህን ነው የማወጣለት» አለችኝ። እኔ ግን እዚያ መቀመጥ አቅቶኝ ደጅ ወጣሁ። መምሬ አስረስ ተከትለውኝ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተህ ፊትህ ጠቆረ?»

ነገርኳቸው። የሱቁን፣ የጋሽ ሙሔን፣ «አሪፍ ነው» ያልኩትን፣ ሁሉንም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እስክጨርስ ሰሙኝና «ይሄ ለኔ የሚነገር አይደለም፤ ለሱ ነው» ብለው ገብተው ሙላትን ጠርተው ላኩልኝ።

ሙላት እያነከሰ መጣ። ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ። «ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ ስማኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ዝናቡ ከጣራው ክዳን እየወረደ በመሃላችን ይንጠባጠባል።

«ፊቴ ቆመህ አሪፍ ነው አልከኝ» አለኝ በመጨረሻ።

«አልኩህ።»

«እያወቅህ።»

«እያወቅሁ።»

«አሥራ አንድ ሰው ነበር የጫንኩት፣ ይርጋ። ልጆቼ ደግሞ ላሊበላ እየጠበቁኝ ነው።»

ሙላት ዘወር ብሎ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ወደ መንገዱ ወረደ። መኪናውን አንዴ ዞራት። ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ ነበር። ግን መኪናዬ አጠገብ ሲደርስ ጎማው ሥር ቁጢጥ አለና እጁን ጥርሱ መሃል አስገባ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠራኝ።

«ና!»

ሄድኩ።

«አሁን ንገረኝ» አለኝ። «የወልድያው ሽማግሌ ያሉህን አንድም ሳታስቀር።»

ዝናብ እየወረደብን፣ ሁለታችንም ጭቃ ውስጥ ቁጢጥ ብለን ነገርኩት። ስለ ጥርሱ ክፍተት፣ ስለ ትከሻው፣ ስለ ቁጥሩ፣ ነፋስ ስለመቀነሱ። ያልገባውን ይጠይቀኛል፤ እደግምለታለሁ። ስጨርስ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና «ሰኞ ወልድያ እንወርዳለን። አብረን» አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ያን ቀን ከአፉ አልወጣም። በማግስቱም አልወጣም። ሰኞ ግን ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ።

ያን ክረምት ሁለታችንም አንድ ዓይነት ጎማ ይዘን ዘለቅን። አንዱ ሲያዝ ሌላው ይቆምለታል። ማን ቀድሞ እንደገባ የሚጠይቅም ጠፋ። እኔ ግን ሾፌርነቱ እንደ ድሮው አልጣመኝም። በየመንገዱ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ጎማው ላይ ነው ዓይኔ የሚያርፈው። በዓመቱ እትዬ ደስታን አመስግኜ ተሰናበትኩና ላሊበላ ላይ ይቺን ቤት ከፈትኩ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሙላት ነበር።

እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ ክረምት ላይ መኪና የምትነዱ ካላችሁ የጋሽ ሙሔን ምክር ወስዳችኋል፤ ተጠቀሙበት። መኪና የሌላችሁ ደግሞ ምናልባት ሌላ ነገር ታውቁ ይሆናል። ጓደኛችሁ፣ ጎረቤታችሁ፣ የሥራ ባልደረባችሁ «እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ የምታውቁትን ውጣችሁ «አሪፍ ነው» ያላችሁበት ቀን ካለ፣ አሁንም ጊዜ አላችሁ። እኔ ሰውን ገደል አልገፋሁም፤ ዝም ብቻ ነው ያልኩት። ዝም ማለቴ የት ድረስ እንደሚወስድ ግን በደረቴ ተኝቼ አይቼዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ በሐዘን አይደለም፤ ሥራዬን እወዳለሁ፣ ጓደኛዬ በሕይወት አለ፣ እንቅልፌም ሰላም ነው።

በቅርቡ ከቤቴ ፊት ለፊት ሌላ ጎሚስታ ቤት ተከፈተ። ሰዎች «ደንበኛህን ሊወስድብህ ነው» እያሉ ያስፈራሩኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሰውየው መንገዱን ተሻግሮ አንድ ጎማ እያንከባለለ መጣ። አፍሮ ቆሞ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ይሄን አንድ የቡግና ሾፌር ሊገዛኝ ነው። ለዚያ መንገድ ይሆናል ብዬ ልስጠው?» አለኝ።

ጎማውን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ከዚያ ከቤት ሁለተኛ ወንበር አወጣሁና አጠገቤ አስቀመጥኩለት።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል።»